ሕፃናትን ወደ መጫወቻ ሥፍራ ስለ መውሰድ፤ ነጋዴው ቀኑን ይምረጥ

የንግድ ሰው አስቀድሞ ማሰናዳትን ከሥራው የተማረ ነው። ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ እንደ ሆነ፣ ኤልሲ ከመክፈቱ በፊት የሻጩን ዋጋ ይመረምራል፤ ዕቃው ጅቡቲ የሚደርስበትን ቀን፣ የወደቡን ኪራይ፣ የጉምሩኩን ቀረጥና የጭነት መኪናውን ክፍያ አንድ በአንድ ደምሮ ትርፉን ያውቃል። የሱቅ ባለቤትም ቢሆን ለፋሲካ የሚሸጠውን ዘይትና ዱቄት በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ገዝቶ ያስቀምጣል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ሕፃናት ልጆቹን ወደ መጫወቻ ሥፍራ ለመውሰድ ሲያስብ፣ የሚያሰናዳው ነገር ቢኖር የኪሱን ገንዘብ ብቻ ነው። ቀኑን በዓሉ ይመርጥለታል፤ ቦታውን ጎረቤቱ ይነግረዋል፤ የቀረውን ለዕድል ይተወዋል።

ውጤቱ በልደታ ሠፈር በብዙ ቤት የታወቀ ነው። ባለሱቁ እስከ በዓሉ ዋዜማ ሌሊት ድረስ ሲሸጥ ይሰነብታል። በበዓሉ ማግስት ዐይኑን እንቅልፍ እንደ ተጫነው ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ይነሣል። ታክሲ ሲጠብቁ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ ከመናፈሻው በር ሲደርሱ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል፤ ሰልፉም አጥሩን ይዞ ዞሮአል። ከገቡ በኋላ የአራት ዓመቱ ልጅ የሚወጣበት የሚሽከረከር ፈረስ ሌላ ሰልፍ አለው፤ ተራው ሲደርስ ልጁ በእናቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል። ታላቁ ደግሞ ቁመቱ አልደረሰም ተብሎ ከትልቁ ባቡር ይመለሳልና ያለቅሳል። አባት ይቆጣል፤ እናት ታዝናለች፤ ገንዘቡ ወጥቷል። ማታ ሲመለሱ «ሁለተኛ አይለመደኝም» ይባላል፤ ልጆቹም እስከ ሌላው ዓመት ድረስ ከሕንፃው ደረጃ ሥር ኳስ ሲያንከባልሉ ይከርማሉ።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ሰው ቢኖር ሠፈሩን ይመልከት። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ በነበረበት ዘመን፣ የአካባቢው ሕፃን ሜዳ ለማየት ርቆ መሄድ አላስፈለገውም ነበር። ዛሬ ግን የቀድሞዎቹ መንደሮች በብዙ ቦታ ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ረጃጅም ሕንፃዎች ተተክተዋል። ቤቱ ተሻሽሏል፤ ውኃውና መጸዳጃው ከቤት ውስጥ ገብቷል፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ይሁን እንጂ በአራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድግ ሕፃን አፈር የሚነካበት ግቢ የለውም። በግንቦት ልደታ ዕለት ጎረቤት ከደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ሲያነሣ፣ ልጆች በዛፍ ሥር ሲሯሯጡ የሚታየው ደስታ፣ በቀሩት ቀኖች ምን እንደ ጎደላቸው ይናገራል። ስለዚህ ልጅን ወደ መጫወቻ ሥፍራ መውሰድ ቅንጦት ነው የሚለው አነጋገር ዘመኑ አልፎበታል። እንደ ትምህርት ቤት ክፍያ ሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ የቤተ ሰብ ወጪ ሆኗል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው ቀኑ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከበዓልና ከቅዳሜ እሑድ በቀር የራሱ ቀን የለውም፤ የዓመት ዕረፍቱንም የሚወስደው በአለቃው ፈቃድ ነው። ነጋዴ ግን የሱቁ ቁልፍ በእጁ ነው። ማክሰኞን ለመዝጋት ማንንም አይለምንም። ይህን ያህል ነፃነት እያለው፣ ሕዝብ ሁሉ በሚወጣበት ቀን አብሮ ወጥቶ መጋፋቱ የሚያስገርም ነው። ሰው ሁሉ በሚሻማበት ሳምንት ዕቃ የገዛ ነጋዴ ምን እንደሚደርስበት እርሱ ራሱ ለሌላው ሲመክር ይሰማል።

«ሱቅ ቢዘጋ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ይሄዳል» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። እውነትነት አለው። ነገር ግን የሽያጭ መዝገቡን የሚይዝ ባለሱቅ በሳምንቱ ውስጥ የትኛው ቀን፣ በቀኑም ውስጥ የትኛው ሰዓት ገበያ እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል። ሕፃናትን ይዞ ለመውጣት ሙሉ ቀን አያስፈልግም፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ይበቃል። እንዲያውም ከዚያ ያለፈው ሰዓት ሁሉ በልቅሶ የሚያልቅ ነው። ለአምስት ሰዓት ያህል ሱቁን የሚጠብቅ አንድ የታመነ ሠራተኛ ወይም ዘመድ የሌለው ነጋዴ፣ ችግሩ ከመዝናኛው ይልቅ በንግዱ አያያዝ ላይ ነው።

ወራቱም እንዲሁ ይመረመራሉ። ትልቁ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚውለው በሐምሌና በነሐሴ ነው። እነዚህ ወራት በአዲስ አበባ ዝናም የሚበረታባቸው ከመሆናቸውም በላይ፣ ሐምሌ የሒሳብ ዓመት ተዘግቶ የዕቃ ቆጠራና የግብር ነገር የሚታሰብበት ነው። መስከረም ፀሐይ ቢወጣም የእንቁጣጣሽና የመስቀል ገበያ ነጋዴውን አያስቀምጠውም። ወደ ቢሾፍቱ የሚያስብ ቢኖር ደግሞ፣ የሆራ አርሰዲ ኢሬቻ በሚከበርበት ሰሞን መንገዱ በበዓሉ ታዳሚዎች የተመላ መሆኑን አይርሳ፤ ለበዓሉ የሚሄድ ይሂድ፤ ለሸርተቴ የሚሄድ ግን ሌላ ሳምንት ይምረጥ። የሚሻለው ጊዜ ከጥምቀት በኋላ፣ በሁለቱ የትምህርት መንፈቆች መካከል ያለው አጭር ዕረፍት ነው። ሰማዩ የጠራ፣ መሬቱ የደረቀ፣ ትልቅ በዓልም የሌለበት ነው። የጨርቃ ጨርቅና የጌጣ ጌጥ ነጋዴ ብቻ ጥር የሠርግ ወር ስለ ሆነበት እስከ የካቲት መታገሥ ይኖርበታል። ልጁ ገና አፀደ ሕፃናት ያለ ከሆነ ግን፣ መምህርቱን አስፈቅዶ አንድ ማክሰኞ ቢቀር ፊደሉ አይጠፋበትም።

ወደ ቦታው ምርጫ ሲመጣ፣ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ትልቁንና ሩቁን በመመኘት ነው። በቢሾፍቱ ያለው የኩሪፍቱ የውኃ መዝናኛ ስሙ የታወቀ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ታች ያለች ስለ ሆነች አየሯ ይሞቃል፤ የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድም ጉዞውን አቅልሎታል። ሆኖም ከልደታ ተነሥቶ የክፍያው መንገድ መጀመሪያ ድረስ ከተማውን ማቋረጥ በራሱ አንድ ጉዞ ነው። ለዘጠኝና ለዐሥር ዓመት ልጅ ድካሙ ዋጋ አለው። ለሦስት ዓመት ሕፃን ግን ጥልቀት የሌለው የውኃ ገንዳና አንድ ትንሽ ሸርተቴ ይበቃዋል፤ የቀረውን ሁሉ አባትየው ለማይጠቀምበት ይከፍላል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደኑና አየሩ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ተራራው ከፍ ያለ ስለ ሆነ ጧት ጧት ብርዱ ይጠናል፤ ሕፃን ያለ ወፍራም ሹራብ አይወጣበትም።

በመካከለኛው ከተማ ያሉት ለትንንሾች ይሻላሉ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ አባቶች የዙፋኑን አዳራሽ፣ ልጆች ደግሞ አንበሳውን የሚያዩበት ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ አይከፋም፤ ብዙ ወላጅ ታሪኩን ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ እየጎተተ ሲያስረዳ ይቆይና፣ አንበሳው ዘንድ ሲደርሱ ልጁ ደክሞት ወደ ቤት እንሂድ ይላል። ቅደም ተከተሉን ማዞር ያስፈልጋል። በጳጉሜ 2012 ዓ.ም. የተመረቀው የወዳጅነት ፓርክም ሰፊ መሬት አለው፤ ሕፃንም ከሁሉ ይልቅ የሚወደው ያለ ከልካይ መሮጥን ነው። ወደዚያ ለመሄድ ከልደታ ጣቢያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ተሳፍሮ፣ ሜክሲኮንና ለገሃርን አልፎ ስታዲየም ድረስ መጓዝ፣ ከዚያም የቀረውን በታክሲ መጨረስ ይቻላል። ለአዋቂው ግፊያና ጥበቃ የሆነው ባቡር፣ ለሕፃኑ የመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ከሰልፍ ነፃ በሆነ ሰዓት ከተሳፈሩ፣ ከተማውን ከድልድይ ላይ ሆኖ ወደ ታች ማየት ብቻ ግማሽ ደስታውን ይሰጠዋል።

የቀሩት ጉዳዮች ጥቃቅን ናቸው፤ ነገር ግን ቀኑን የሚያበላሹት እነርሱ ናቸው። የልጁን ቁመት ከቤት መለካት ያስፈልጋል። ጨርቅ ሻጭ ሜትር ከእጁ አይለይም፤ የገዛ ልጁን ቁመት ግን የሚሰማው ከትኬት ቆራጩ አፍ ነው። ከመናፈሻው ዘንድ ስልክ ደውሎ የትኛው መጫወቻ በስንት ቁመት እንደሚፈቀድ፣ ምግብ ከውጭ ማስገባት ይቻል እንደ ሆነ፣ በረቡዕና በዓርብ የጾም ምግብ ይገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። የመግቢያው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ከበሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ መጫወቻ፣ ለለስላሳውና ለፊኛው የሚከፈለው ተደምሮ ብዙ ጊዜ መግቢያውን ይበልጣል። ለልጆቹ ከበሩ በፊት «ሦስት ጨዋታ፣ አንድ አይስክሬም» ብሎ መንገር ከበሩ በኋላ ከመከራከር ይሻላል። ሕፃን ውሉ አስቀድሞ ሲነገረው፣ ከብዙ አዋቂ ደንበኛ ይልቅ ቃሉን ይጠብቃል።

አንድ ቀን በሕዝብ ሲጨናነቅ ምን እንደሚሆን ታላላቆቹም ቀምሰውታል። አሜሪካዊው ዋልት ዲዝኒ የመናፈሻውን ሐሳብ ያገኘው ሴቶች ልጆቹ በሎስ አንጀለስ በሚሽከረከሩ ፈረሶች ላይ ሲጫወቱ፣ እርሱ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሲጠብቅ እንደ ነበረ ተናግሯል፤ ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ መኖር አለበት ሲል አሰበ ማለት ነው። ዲዝኒላንድ ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ሲከፈት ግን ሐሰተኛ ትኬት የያዘው ሁሉ ገብቶ 28 ሺሕ ያህል ሰው ተጨናነቀበት። ሙቀቱ ገና ያልደረቀውን አስፋልት አለስልሶት የሴቶች ጫማ ተረከዝ ይሰምጥበት ነበር። የቧንቧ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ስለ ነበር የመጠጥ ውኃው ቧንቧና መጸዳጃው በአንድነት ሊደርሱ አልቻሉም፤ ባለቤቱም መጸዳጃው ይቅደም አለ። በአንጻሩ ከ1843 የአውሮፓ ዓመት ጀምሮ በኮፐንሃገን የቆየው ቲቮሊ የሚገኘው ከዋናው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። የዓመት ካርድ የገዛ ሰው እንዳሻው ደጋግሞ ይገባል፤ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ቢወጣም ገንዘቤን ጣልኩ ብሎ አያዝንም።

ይህ ሁሉ በወላጆች ላይ ብቻ የሚጫን አይደለም። መናፈሻ መክፈት ንግድ ነው፤ ባለቤቶቹም የንግዱ ማኅበር አባሎች ናቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጥ እንዲለጥፍ ሲያዝ፣ ሱቅን ብቻ ለይቶ አላዘዘም። ከመግቢያው በር ላይ የእያንዳንዱ መጫወቻ ዋጋና የሚፈቀደው ቁመት ተጽፎ ቢሰቀል የሰሌዳው ወጪ ኢምንት ነው። ከዚህም የሚብሰው የተበላሸው መሣሪያ ነገር ነው። መሣሪያዎቹ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ መለዋወጫ ሲጠፋና የውጭ ምንዛሪ ሲዘገይ ለወራት መቆማቸውን አስመጪ ሁሉ ይረዳዋል፤ ይህ የባለቤቱ ጥፋት ላይሆን ይችላል። መቆማቸውን ትኬቱ ከተሸጠ በኋላ መናገር ግን ጥፋት ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በኩንታል ዋጋ የሸጠ ነጋዴ በሠፈሩ ምን እንደሚባል ማንም ያውቃል። የዕለቱ ሰሌዳ ከበሩ ውጭ ይቁም፤ የቆመው መሣሪያ ይጻፍ፤ ግማሹ በቆመ ዕለት የመግቢያው ዋጋ ይቀነስ።

ከዚህ ጋር የማክሰኞና የረቡዕ ዋጋ ከእሑዱ ዝቅ ቢል፣ ለአምስት ዓመት በታች ሕፃናት የጧት መግቢያ ለብቻው ቢደረግ፣ እንደ ቲቮሊም የዓመት ካርድ ቢሸጥ፣ በሥራ ቀን ባዶውን የሚውለው ግቢ ደንበኛ ያገኛል። የመርካቶና የልደታ ነጋዴዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ የሱቃቸውም ቁልፍ በእጃቸው ነው። ዋጋው ከታወቀ የመጀመሪያውን ማክሰኞ ለመሞከር የሚዘጋጁት ከየካቲት ዕረፍት በፊት ነው።