ስለ ፊልም ከመናገር በፊት መደመጥ

ስለ ፊልም የሚወያይ ፖድካስት ማዘጋጀት ቀላል ሥራ ይመስላል። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አስቀድሞ የታየ አንድ ፊልም፤ የቀረው ጨዋታ ነው። እኛም ከጥቂት ተማሪዎቻችን ጋር ሆነን ሥራውን ስንጀምር የመሰለን እንዲሁ ነበር። ዓላማችን ፊልሞችን በፊዚክስ ዓይን መመርመር ሲሆን፣ ምርመራ ያልነው ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ስሕተት ለቀማ ሆነ። አየር በሌለበት ሕዋ ፍንዳታ ሲሰማ ሳቅን። በጥይት የተመታ ሰው 3 ሜትር ወደ ኋላ ሲወረወር የሞመንተምን ሕግ ጠቅሰን ሳቅን። የአገራችን ፊልም ተራ ሲደርስ ደግሞ የተዋንያኑ ንግግር በርሜል ውስጥ የሚነገር ይመስል ማስተጋባቱን አንሥተን ከሁሉም ይበልጥ ሳቅን።

የመጀመሪያውን ቅጂ ካሰማናቸው መካከል አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን አልሳቀችም። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ የሚሉትም እኮ አይሰማም» አለችን። ቅጂውን መልሰን አዳመጥነው። የቀረጽነው ባዶ የመማሪያ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ግማሽ በግማሽ መስታወት። ማይክሮፎኑም ከአፋችን 2 ሜትር ርቆ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የፊልሙን ድምፅ የነቀፍንበት ዐረፍተ ነገር ራሱ በማስተጋባት ተውጧል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ማለት ይኸው ነው። ባሕር ማዶ ተሻግረን የዶክትሬት ማዕረግ ይዘን የተመለስን፣ የድምፅን ሞገድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለዓመታት የሣልን እኛ፣ ያስተማርነውን ትምህርት በጆሯችን አልሰማነውም ነበር።

በዚህ ፈተና የወደቅን የመጀመሪያዎቹ ግን አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በተከፈተው የፎግ ሙዚየም ውስጥ የነበረው የትምህርት አዳራሽ፣ መምህሩ ቢጮኽም ንግግሩ የማይለይበት ሆኖ ተገኘ። አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ በባዶው አዳራሽ ውስጥ ከ5 ሰከንድ በላይ ስለሚቆይ የሚከተሉት ቃላት በላዩ ይደራረቡ ነበር። ችግሩን እንዲፈታ የተጠየቀው ወጣት የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን፣ በሕንፃው ሠሪ ላይ አልተሳለቀም። ከሌላ የቲያትር አዳራሽ የወንበር ትራሶችን እያስመጣ፣ ትራስ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ ሌሊት ሌሊት ይለካ ጀመር። ከዚህ ልፋት የተገኘው ሕግ ዛሬም ይሠራበታል፤ ድምፅ በክፍል ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በክፍሉ ይዘት ልክ ይረዝማል፣ ድምፅ መጣጭ ነገር በበዛ ቁጥር ደግሞ ያጥራል።

እኛም ትራስ ባይኖረን ብርድ ልብስ ሰቀልን። ማይክሮፎኑንም ከ2 ሜትር ወደ 20 ሴንቲ ሜትር አቀረብነው። ርቀቱ በ10 እጅ ሲቀንስ ከአፋችን በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ ጥንካሬ 100 እጅ ያድጋል፤ ከግድግዳ ተላትሞ የሚመለሰው ግን እምብዛም አይለወጥም። ብርድ ልብሱ ቀጭኑን ድምፅ ሲመጥ ጎርናናውን ግን ብዙም አልነካውም። የ100 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንድ ስስ ጨርቅ ሊገታው አይቻለውም።

ይህን ካደረግን በኋላ ያንን የሳቅንበትን የአገር ውስጥ ፊልም እንደገና ተመለከትነው። ለመሆኑ ማይክሮፎኑ የት ነበር? እኛ ወደ አፋችን ልናስጠጋው እንችላለን፤ አድማጫችን አያየንምና። የፊልም ሠሪው ግን ካሜራው እንዳያየው ከምስሉ ጠርዝ ውጭ በዘንግ ይዞት መቆም አለበት። አዘጋጁ ሰፊ ምስል በፈለገ ቁጥር ማይክሮፎኑ ይርቃል፤ ማይክሮፎኑ በራቀ ቁጥር የክፍሉ ማስተጋባት ይነግሣል። በተከራዩት ቤት ውስጥ፣ ባዶ ግድግዳ ተከቦ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ በየምስሉ የሚያጋጥም ምርጫ ነው። የሳቅነው በማናውቀው ሰው ድካም ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄያችን «ምኑ ተሳሳተ?» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ተሠራ?» ሆነ፤ ፊዚክሱም በዛልን። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል እንዲያልፍ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ከምስል ጋር ሲጣመር ነው። የምስል ፍጥነት ጥቂት ቢዋዥቅ ዓይን ይታገሣል፤ ድምፅ ሲቀጥንና ሲወፍር ግን ጆሮ አይታገሥም። ከቀረጻ በፊት የሚጋጨው ሰሌዳም ለትርኢት አይደለም፤ እንጨቱ ሲገጥም የሚታይበትን ምስል ሲጋጭ ከሚሰማው ድምፅ ጋር ለማስተካከል ነው። አንድ ምስል በሚያልፍበት የሰከንድ 24ኛ እጅ ውስጥ ድምፅ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ከሰሌዳው 14 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ከምስሉ በአንድ ፍሬም ይዘገያል። ተማሪ ይህን በወረቀት ላይ አስልቶ፣ ከዚያም በራሱ ስልክ ቀርጾ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ይህን ስንል ስሕተት አይነሣ ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ከመርከቡ ውጭ ያለውን ሕዋ ጸጥ አድርጎ የጠፈርተኛውን ትንፋሽ ያሰማናል፤ ጸጥታውም ከማንኛውም ፍንዳታ ይበልጥ ያስፈራል። የተፈጥሮን ሕግ ማክበር ለጥበብም እንደሚበጅ በዚህ ማሳየት ይቻላል። የምንቃወመው ሳይንስን የፌዝ ዱላ ማድረግን ነው። ፊዚክስ የሰውን ሥራ መናቂያ መስሎ የታየው ወጣት፣ ፊልም ሠሪ ቢሆን ከእኛ ምክር አይጠይቅም፤ ተማሪ ቢሆንም ክፍላችን ውስጥ እጁን አያነሣም።

ስለዚህ ተመሳሳይ ፖድካስት ለመጀመር የምታስቡ ተማሪዎች ካላችሁ ምክራችን አጭር ነው። በመጀመሪያ የራሳችሁን ድምፅ ቅረጹና አዳምጡ። ቀጥሎም ታዋቂውን ተዋናይ ከመጥራታችሁ በፊት ማይክሮፎን ያዡን ጥሩና ጠይቁ።

ያቺ ተማሪ ዛሬ የዝግጅታችን አቅራቢ ናት፤ እኛ ደግሞ ስትጠራን ብቻ የምንመጣ እንግዶች ነን። የመጀመሪያውን ቅጂ አላሠራጨነውም፤ አልደመሰስነውምም። አዲስ አባል በመጣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድመን እርሱን እናሰማዋለን።