ለተማሪ ቤት የሚበቃ ኮምፒዩተር

በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው በዋጃ የሚኖር ተማሪ የፕሮግራም ሥራ ለመማር ቢነሣ መካሪ አያጣም፤ ሁሉም «ኮምፒዩተር ግዛ» ይለዋል። ነገሩ ግን «በቅሎ ግዙ ግዙ፥ አንድ አሞሌ ላያግዙ» እንደ ተባለው ነው። ስለዚህ ዛሬ ምክሩን ትተን ሒሳቡን እንመርምር።

ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፥ ይኸውም የኮምፒዩተርን ሥራ ሁሉ የሚመራው ፕሮግራም፥ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ተጀመረ። ደራሲዎቹ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ሥርዓቱ 40,000 ዶላር ብቻ በሚያወጣ መኪና ላይ መሥራቱን እንደ ቁጠባ ቆጥረውት ነበር። በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በዩኒክስ አምሳል የጀመረው ሊኑክስ ማንም ያለ ክፍያ የሚወስደው ሆነ። በ2012 ደግሞ ሊኑክስን የምታሠራ፥ በመዳፍ የምትያዝ ራስበሪ ፓይ የተባለች ሰሌዳ በ35 ዶላር ለገበያ ቀረበች።

እንግዲህ ነገሩ ረክሶአል ለማለት ይቻላል። ሆኖም በዶላር የረከሰ በብር ሊወደድ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበረ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ 35 ዶላር፥ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታሰብ፥ ከ2,000 ብር ወደ 3,500 ብር ወጣ ማለት ነው። ሰሌዳዋም ብቻዋን ዓይንም እጅም የላትም፤ ስክሪንና ኪቦርድ፥ የኃይል ገመድና የሜሞሪ ካርድ ይገዛላታል።

በደረሰኝ ላይ የማይጻፍ ወጪም አለ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ከየዕቃው ተገጣጥሞ የተሠራ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ወዲያው ይቆማል፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ግን ስክሪኑን፥ ኪቦርዱንና ባትሪውን በአንድ ዋጋ ይዞ ይመጣል። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ካለውም ቀለል ያለ ሊኑክስ ይሠራበታል። ስለዚህ ለዋጃው ተማሪ የሚያዋጣው፥ ባትሪው አስቀድሞ የተፈተነ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው ብለን እናምናለን።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሞአል። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የማይችሉ፥ ነገር ግን ጤነኛ የሆኑ ኮምፒዩተሮች በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሰው ይቀመጡ ይሆን? በአንድ ፍላሽ የተቀዳ ሊኑክስ በአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ቢጫን ክፍያ የሚጠይቅ የለም። የግዕዝ ፊደልም ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ አማርኛ ይጻፍበታል።

እርግጥ ነው፥ ፕሮግራሙ በነፃ ቢገኝ ዕውቀቱ በነፃ አይገኝም፤ የለመዱትን ትቶ አዲስ መልመድ ጊዜና አስተማሪ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ጊዜ ለተማሪ ከዶላር ይልቅ ይቀርበዋል። በየወረዳው የምትሠሩ ወጣት ሹማምንት ሆይ፤ ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ አሮጌዎቹን ኮምፒዩተሮች ለትምህርት ቤቶች ብታስተላልፉ፥ በቅሎ ግዛ ለተባለው ተማሪ አሞሌውን አገዛችሁት ማለት ነው።