በየት በር ገባህ?

ጠዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ከአዘዞ አለፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን በሩቅ ያስጠራው የጤና ሳይንስ ኮሌጇ ነው። በዲፕሎማ የተመረቀ ነርስ ገጠር ጤና ጣቢያ ጥቂት ዓመት ያገለግልና ዲግሪውን ፍለጋ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመለሳል። በጤናው ሙያ ይህ መንገድ ከመለመዱ የተነሣ «ፖስት ቤዚክ» የሚል መጠሪያ ወጥቶለታል። ያዋለደው፣ ያከመው፣ ሌሊት ተረኛ ሆኖ ያደረው ሁሉ እንደ ዕውቀት ይታይለታል። በ18 ዓመቱ በመደበኛው በር ስላልገባ ሙያውን ያዋርዳል ብሎ የሚከሰው የለም።

ከጠዳ ወደ ማክሰኝት አምርተን የወረዳውን ፍርድ ቤት ብናይ ነገሩ ይለወጣል። መዝገብ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት የሠራ ሰው የክስ ማመልከቻ ምን እንደሚጎድለው በዓይኑ ያውቃል። መጥሪያ ያልደረሰው ተከሳሽ ምን እንደሚያደርግ፣ የይግባኝ ጊዜ መቼ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ብይን በበላይ ፍርድ ቤት ተሽሮ እንደሚመለስ ያውቃል። ይህ ሰው ሕግ ልማር ቢል ግን የሚቀድመው ጥያቄ የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ነው። በ18 ዓመቱ በተፈተነበት ዓመት የወጣው የመቁረጫ ነጥብ በ38 ዓመቱ ይመዝነዋል፤ በመሃል የኖረው 20 ዓመት ሚዛኑ ላይ አይወጣም። የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛውማ ይባስ! በጎረቤቶቹ ላይ እንዲፈርድ መንግሥት አምኖታል። የሕግ ትምህርት ቤቱ ግን ለእሱ የሚሆን የማመልከቻ ቅጽ እንኳ የለውም።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ሥር የሰደደ እምነት ነው። እውነተኛ የሕግ ተማሪ ማለት ትምህርት ሚኒስቴር የመደበው፣ ዶርም የተሰጠው፣ ከአንደኛ ዓመት እስከ አምስተኛ ዓመት ከአንድ ግቢ ያልወጣ ወጣት ነው ይላል። ማታ የሚማረው፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረው፣ ከሥራ ገበታ ተነሥቶ የመጣው በጎን በር እንደገባ ይቆጠራል፤ ጥራትም ያወርዳል ተብሎ ይታማል። ይህ እምነት በታሪክ አይደገፍም፤ ዛሬ ደግሞ ምክንያቱ ራሱ ጊዜው አልፎበታል።

ከታሪኩ እንጀምር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት ከቀን ተማሪዎቹ ሌላ የማታዎቹም ነበሩት። ቀን ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤት ውለው ማታ ስድስት ኪሎ የሚማሩ ዳኞች፣ ፖሊሶችና የቢሮ ሠራተኞች የዘመኑን አዳዲስ ሕጎች ወደ ችሎት ካስገቡት መካከል ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ሕግ ነበር፤ ተማሪዎቹም ክልሎች መርጠው የላኳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። አገሪቱ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ ሲቸግራት ይህን በር ራሷ ከፈተች። ያኔ ያልተባለው «ጥራት ይወርዳል» ችግሩ ሲቀል ተባለ።

የጥራት ሥጋቱ ከመሬት የበቀለ አይደለም፤ ይህን መካድ አይገባም። በየከተማው እንደ አሸን የፈሉ ኮሌጆች ሕግን በርቀትና በማታ ሲሸጡ ቆይተው በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የሕግና የመምህርነት ትምህርትን ከግል ተቋማት ነጠቀ። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃም በየመሥሪያ ቤቱ ሲጋለጥ ኖሯል። ሆኖም ጥፋቱ የሻጩ ነበር፤ ቅጣቱ ግን በገዢው ላይ አረፈ። የተቋሙን ሸቀጥ መቆጣጠር ሲገባ፣ ዘግይቶና ሠርቶ የሚማር ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆኖ ቀረ።

ጥርጣሬውን የሚፈታው መሣሪያ ደግሞ በእጃችን ነው። የሕግ ተማሪዎች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ፈተናው ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሆነ። ወረቀቱ የቀንና የማታ፣ የመንግሥትና የግል አይልም። በ2015ቱ ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማው ሲያልፍ ከግል ተቋማት ያለፈው 17 በመቶ ገደማ ነበር። ቁጥሩን የግል ተማሪን መናቂያ አድርገው የሚጠቅሱት አሉ። እኔ የማነብበው ሌላ ነው፤ ወንፊቱ ይሠራል። መውጫው ላይ ይህን ያህል ጥብቅ ወንፊት ያቆመ ሥርዓት መግቢያው ላይ በየት በር ገባህ ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

በመግቢያውም በኩል ቢሆን መንግሥት ራሱ ቃሉን አጥፏል። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲዎች ባዶ እንዳይቀሩ ሪሚዲያል የተባለው የማጠናከሪያ ትምህርት ተከፈተ። ይህ ማለት አንድ ፈተና የሰውን ዕጣ ለዘላለም አይዘጋም ብሎ መንግሥት አምኗል ማለት ነው። ለ18 ዓመቱ ወጣት የተፈቀደው ሁለተኛ ዕድል ለ38 ዓመቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚነፈግበትን ምክንያት የነገረን የለም።

የዝውውሩ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በ2012 ዓ.ም. በግቢዎች በተነሣው ግጭት ብዙ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሸሹ፤ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ በመንገድ የታገቱት ተማሪዎች ጉዳይ ጎንደርንም ሆነ ሌላውን የአማራ ክልል ከተማ ለወራት አስጨንቋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ ጦርነትና የሰዓት እላፊ የማታ ትምህርትን ለጠዳ ነዋሪ የሕይወት ቁማር አደረጉት። ያም ሆኖ ዝውውር የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ያው ነው፤ «በተመደብክበት ተማር»።

ዝውውር አይቻልም የሚባለው እውነት አይደለም። የሕግ ሥርዓተ ትምህርቱ በአገር ደረጃ የተጣጣመ ነው፤ ጅማ የሚሰጠው የውል ሕግ ጎንደር ከሚሰጠው በይዘቱ አይለይም፤ የሚጠበቃቸውም አንድ የመውጫ ፈተና ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ከትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች የወጡ ተማሪዎች በሌሎች ግቢዎች ተመድበው ቀጥለዋል። ሚኒስቴሩ ሲፈልግ ዝውውር ይቻላል፤ ተማሪው ሲፈልግ አይቻልም። የጎደለው ፈቃድ እንጂ ዘዴ አይደለም።

በውጭው ዓለም ዝውውር የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በአሜሪካ የሕግ ተማሪ አንደኛ ዓመቱን ጨርሶ በውጤቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊዛወር ይችላል። ቤተሰብ፣ ሕመም ወይም ሥራ ያስገደደው ደግሞ በእንግድነት አንድ ዓመት ሌላ ቦታ ይማራል፤ ዲግሪውን የሚሰጠው ግን ቀድሞ የተቀበለው ትምህርት ቤት ነው። ከግቢ ውጭ መማርም እንዲሁ ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ገና እስረኛ ሳሉ፣ ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ነው።

ለነገሩ ጎንደር ይህን ከባሕር ማዶ መማር አያሻትም። የአብነት ትምህርት ከሥሩ የዝውውር ትምህርት ነው። ተማሪው ቅኔን ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይቀኛል፤ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ይወርዳል፤ ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ጎንደር ይመጣል። ፍትሐ ነገሥትም በዚሁ በመጻሕፍት ጉባኤ የሚነገር ትምህርት ነበር። የኔታ ለመጣው ተማሪ የምደባ ደብዳቤ አይጠይቁትም፤ የተማረውን በቃሉ አስብለው ዕውቀቱን ያያሉ፤ የበቃ ይቀጥላል፣ ያልበቃ ካቆመበት ይጀምራል። በዕድሜ የገፋ፣ ትዳር የያዘ፣ ከሌላ ጉባኤ የተነሣ ቢሆን ችግር የለም። በዚህ መንገድ ሊቃውንት ያወጣ አገር ዛሬ ተማሪውን በተመደበበት ግቢ ማሰሩ ያስገርማል።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት አንድ ብርቱ መከራከሪያ አለ። በሩ ከተከፈተ ሁሉም ከዳር ዩኒቨርሲቲዎች ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር ይጎርፋል፤ የዳሩ ትምህርት ቤት ይራቆታል ይላሉ። ሥጋቱ ልክ ነው፤ መልሱ ግን መዝጋት አይደለም። በየዓመቱ በውጤት፣ በሕመምና በችግር ተማሪ ሲቀንስ በየክፍሉ ወንበር ይለቀቃል። ትምህርት ቤቶች የተለቀቀውን ወንበር ቁጥር በይፋ ያውጡና በዚያ ልክ ብቻ በውጤትና በምክንያት አወዳድረው ይቀበሉ። ያኔ ጎርፍ አይኖርም፤ በዘመድና በስልክ የሚደረገው የጓሮ ዝውውርም ይጋለጣል።

ለአዋቂዎች ደግሞ ያረጀ የ12ኛ ክፍል ወረቀት ከመመርመር ፋንታ የመግቢያ ፈተና ይሰጥ። አመልካቹ አንድ የሰበር ውሳኔ ያንብብ፤ ጭብጡን ያውጣ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሐሳቡን ይጻፍ። እንግሊዝኛው ያስቸግረው ይሆናል፤ ይህን በማጠናከሪያ ትምህርት መሙላት ይቻላል። አማርኛው ላይ ግን ከመደበኛው ተማሪ የሚልቅ ይመስለኛል። የእኛ የሕግ ምሩቅ አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሮ ችሎት ፊት በአማርኛ ክስ መጻፍ ሲያቅተው እኮ እርዳታ የሚጠይቀው ያንኑ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው።

የሕግ መምህራንን የምጠይቃቸው ራሳቸው የሚያስተምሩትን እንዲፈጽሙ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥ፣ ቅር የተሰኘም አቤት የሚልበት መንገድ እንዲኖረው ይደነግጋል። መምህሩ ጠዋት ይህን አዋጅ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው ግቢ የሬጅስትራር መስኮት ላይ አንድ አመልካች በቃል «አይቻልም» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የተከለከለ ሁሉ ክልከላውን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ከሌላ መሥሪያ ቤት ቀድመው ምክንያታቸውን ጽፈው ይፈርሙበት። ያልተማሩ የቀበሌ ሹማምንትን «ምክንያትህን ጻፍ» ብሎ የሚያስተምር ቤት ለራሱ አመልካች ምክንያት ካጣ፣ ጥራት ያጣው ተማሪው አይደለም።