የመምህሩ ማዕዘን፦ ካርቡራተሩ ከመፈታቱ በፊት

ዛሬ ከጠመኔና ከሰሌዳ ወጣ ብለን የመኪና ኮፈን ከፍተን እንነጋገራለን። "ምነው፣ መምህሩ መካኒክ ሆኑ እንዴ?" እንዳትሉኝ። ነገሩ ወዲህ ነው።

እዚህ ካኩማ፣ በእኛ ሰፈር አንዲት አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለች። ራሽን በሚታደልበት ቀን የአቅመ ደካሞችን ጆንያ የምታደርስ፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል የምትወስድ እሷው ናት። ሰሞኑን ሞተሯ ይንተፋተፍ ጀመር። ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፣ ጭነት ሲበዛባት አቅም ያጥራታል፣ ቤንዚን ደግሞ እንደ ውኃ ትጠጣለች። ያያት ሁሉ "ካርቡራተሩ ነው" አለ። ከሎድዋር ያገለገለ ካርቡራተር ለማስመጣት መዋጮ ተጀመረ። አንዲት እናት ለልጃቸው ጫማ ያስቀመጡትን ሽልንግ በመሐረብ ቋጥረው ይዘው ሲመጡ ባይ ጊዜ "እማማ፣ እስቲ አንድ ቀን ታገሱን" አልኳቸው።

መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን አንድ ነገር ተምረናል። ክፍሉ በሙሉ ከወደቀ ፈተናውንና መምህሩን መርምር፤ አንድ ተማሪ ብቻ ከወደቀ ግን ወደዚያ ልጅ ሂድ። ሞተርም እንዲሁ ነው። ካርቡራተሩ አንድ ነው፤ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለአራቱም ሲሊንደር ያድላል። እሱ ቢታመም አብዛኛውን ጊዜ አራቱም ይታመማሉ። ሦስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከሰነፈ ግን መጀመሪያ የሚመረመረው የዚያ ሲሊንደር የግል ዕቃ ነው፦ ካንዴላው፣ የካንዴላው ገመድ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ ያለው የራሱ መውጫ፣ ቫልቮቹና የፒስተን ሪንጎቹ።

ታዲያ አንድ ብቻ መሆኑን በምን እናውቃለን? በመጀመሪያ በጆሮ። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ከጭስ ማውጫው ኋላ ወረቀት ያዙና አዳምጡ። እንደ ከበሮ ምት በእኩል ጊዜ አንዲት ምት የምትጎድል ከሆነ ጥርጣሬው ወደ አንድ ሲሊንደር ነው። ድምፁ አንዴ ደህና አንዴ መጥፎ፣ ሥርዓት የሌለው ከሆነ፣ ነዳጅ ሲሰጡት የሚታፈን ወይም ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ግን ካርቡራተሩንና የአየር ማጣሪያውን መጠርጠር ይቻላል። በዚህ አቧራ አገር ማጣሪያውን ማየትማ ሁልጊዜም አይከፋም።

ቀጥሎ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። በዚህች መኪና 1 ቁጥር ሲሊንደር በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው፤ የሚተኩሱትም 1-3-4-2 እየተባባሉ ነው። ገመዶቹ እንዳይምታቱ ከመንቀላችሁ በፊት በፕላስተር ቁጥር ጻፉባቸው። ሞተሩን አጥፉ። አንዱን ገመድ ከካንዴላው ነቅላችሁ ጫፉ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰኩበት፤ የካንዴላውን ብረት ከካርቡራተሩ ርቆ ከሞተሩ ንጹሕ ብረት ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት። ከዚያ ለጥቂት ሴኮንድ አስነሡ። ድምፁ ከበፊቱ ከባሰ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ በሽተኛው እሱ ነው። ልጆች፣ ልብ በሉ! በገመዱ የሚያልፈው በብዙ ሺህ ቮልት የሚቆጠር ነው። ሞተሩ እየሠራ ገመድ በእጅ አይነካም፤ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነም ፈተናው አይጀመርም።

እኛ 1ን ስንነቅል ባሰበት፤ 2ንም እንዲሁ፤ 4ንም እንዲሁ። 3 ላይ ግን ምንም። የታሰረው ትርፍ ካንዴላ ላይም ብልጭታ አልታየም። ብልጭታ ቢኖር ኖሮ የ3ን ካንዴላ ከ2 ጋር አለዋውጠን በሽታው አብሮ መሄዱን እናይ ነበር። አሁን ግን የቀሩት ገመዱና ክዳኑ ናቸው። የ3ን ገመድ ከ4 ገመድ ጋር ለዋወጥን። ጉድለቱ ወደ 4 ሄደ! ሲመሽ መብራት አጥፍተን ሞተሩን ስናስነሣ ገመዱ የጋለ ብረት ነክቶ በተቃጠለበት ቦታ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ሞተሩ ሲዘል አየን። አንድ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ካርቡራተሩ እኮ በነጻ ሊታሰር ነበር!" ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

ገመዱም ካንዴላውም ደህና ቢሆንስ? ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ገመድ ነቅላችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር እሰሩ፤ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጡና ግፊቱን በኮምፕሬሽን መለኪያ ለኩ። በ22አር ሞተር ደንበኛው ግፊት በካሬ ሳንቲሜትር 12 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከ10 መውረድ፣ በሲሊንደሮቹም መካከል ከ1 ኪሎ በላይ መለያየት የለበትም። አንዱ ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ሪንግ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ካነሱ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። የዚህ ሞተር የቫልቭ ክፍተት ሲሞቅ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚ.ሜ. ነው፤ የካንዴላው ደግሞ 0.8 ሚ.ሜ.።

ዋናው ትምህርት ይህ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ውጤቱንም በደብተር ጻፉ። ሦስት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው መኪናው ቢድንለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ፒክአፗ ዛሬ በአራቱም ትሠራለች። ከመዋጮው የአንድ ገመድ ዋጋ ብቻ ተቀንሶ ሌላው ለየባለቤቱ ተመልሷል። የእማማ ልጅም ሰኞ አዲስ ጫማ አድርጎ ክፍል ገብቷል፤ የቤት ሥራውን ግን አልሠራም ነበር። እሱን ደግሞ በሚቀጥለው እትም እንመረምረዋለን።

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።