ጭፈራም ያተርፋል፤ ፈቃድ ሰጪው ካልከለከለ

«የዳንስ ሙዚቃ ብቻ የሚያሰማ ሬዲዮ ነግዶ ያዋጣዋል ወይ?» ለሚሉ፣ የለንደኑ ኪስ ኤፍ ኤም መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 ያለፈቃድ ተደብቆ ማሰራጨት ጀመረ፤ ወጣቱን ጠቅልሎ ያዘ። ማስታወቂያ አስነጋሪ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ የወጣት ጆሮ ነው። ፈቃድ ቢጠይቅ መጀመሪያ ተከለከለ፤ በሁለተኛው ዙር አገኘና እ.ኤ.አ. በመስከረም 1990 በሕግ ተከፈተ። ኋላም ኢማፕ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ጠቀለለው። ኪሳራ ቢሆን ማን ይነካው ነበር?

እኛ ዘንድስ? የብሮድካስት አዋጁ በ1991 ዓ.ም. ወጥቶ፣ እነ ሸገር ኤፍ ኤም የተሰሙት በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። በነዚያ ዓመታት አድማጭ ጠፍቶ ነበር እንዴ? ኧረ የለም! የጠፋው ፈቃድ ነው። የሚያዋጣውን የሚያውቀው አድማጭ እንጂ ቢሮ አይደለም። ፈረሱም ይኸው፤ ሜዳውን ብቻ ልቀቁ!