ስትሪፑ አረንጓዴ ሲሆን

ላቦራቶሪ ውስጥ ሽንት ስመረምር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ስትሪፑን ነከር አድርጎ ማውጣት፣ ትንሽ ጠብቆ ቀለሙን ማየት። የፕሮቲኑ ቦታ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፤ ወደ አረንጓዴ ከሄደ ፕሮቲን አለ።

ታናሽ እህቴ በስምንት ወር እርግዝናዋ ፊቷ አብጦ ራሷን ያማት ጀመር። ክትትል የምታደርግበት ቦታ ስትሪፕ አልቆ ነበር። ወረፋው ስለረዘመ ግፊቷን እንኳ ሳይለኩ «አይዞሽ፣ የእርግዝና ነው፤ ጨው ቀንሺ» ብለው ሸኟት። ማታ «ዓይኔ ብዥ ይለኛል» ስትለኝ እጇን ይዤ ወደምሠራበት ሮጥኩ። ሽንቷን ራሴ መረመርኩት፤ ፕላስ ሦስት። ግፊቷ 170 በ110። ልጁ በዚያው ሌሊት በኦፕራሲዮን ተወለደ፤ ሁለቱም ተረፉ።

ያ አረንጓዴ ከየት እንደሚመጣ ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ የደም ሥር ጥቅልሎች አሉ፤ ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። የጥቅልሎቹን ውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳት እንደ ወንፊት የተበሱ ናቸው። ከላያቸው ካለው ስስ ሽፋንና ከጀርባቸው ካሉት ሕዋሳት ጋር ሆነው ውኃውን ያሳልፋሉ፣ ፕሮቲኑን ያስቀራሉ። እነዚያ የጀርባ ሕዋሳት ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ሳያቋርጡ ካልላኩላቸው የደም ሥር ሕዋሳቱ ደህና ሆነው አይቆዩም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ቦስተን ውስጥ ሻሮን ሜይናርድ፣ አናንት ካሩማንቺና ባልደረቦቻቸው ይህን እህቴን ካመማት የእርግዝና በሽታ፣ ከፕሪኤክላምፕሲያ ጋር አገናኙት። የታመመችው እናት እንግዴ ልጅ ኤስፍልት-1 የተባለ ፕሮቲን ከልክ በላይ ወደ ደሟ ይለቃል፤ ይህም ቪኢጂኤፉን ይዞ ያስቀርባታል። ያው ፕሮቲን በሰውነታቸው እንዲበዛ የተደረጉ ነፍሰ ጡር አይጦች ግፊታቸው ጨመረ፣ ሽንታቸው ፕሮቲን አሳየ፣ የማጣሪያቸው የደም ሥር ሕዋሳትም አበጡ።

እህቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። «የእርግዝና ነው» ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም።

ስለዚህ ግፊት ሳይለካና ሽንት ሳይታይ የተደረገ የእርግዝና ክትትል እንደ ክትትል አይቆጠር እላለሁ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሽንት ላይ ፕሮቲን ሳይታይም በሽታው ሊኖር ይችላልና። ስትሪፕ ማለቁም ኦክስጅን እንደማለቅ ያስደንግጠን።

ከወሊድ በኋላስ? ይህ በሽታ ያገኛት እናት ዓመታት ቆይቶ ለኩላሊት ሕመም የመጋለጥ ዕድሏ ከሌሎች ይበልጣል። እህቴ ልጇን በየቀጠሮው አስከትባለች። በእነዚያ ቀጠሮዎች ሁሉ ሕፃኑ ተመዝኗል፤ የእሷን ግፊት ግን አንድም ቀን የለካላት አልነበረም።