አረንጓዴ መሆን ልብስ ነጋዴውን ያከስራል ወይ?

በክፍል ውስጥ ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲነሳ ብዙዎቻችን ነገሩን የምናየው እንደ ምጽዋት ነው። ኩባንያው መጀመሪያ ያተርፋል፤ ከዚያ ከትርፉ ቆንጠር አድርጎ ችግኝ ያስተክላል፤ ፎቶም ይነሳል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትልልቅ ልብስ ቸርቻሪዎች ከአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም የሚጠቀሙት ፕሮግራሙ የግዢ ሥራቸው አካል ሲሆን ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ እዚሁ አርባ ምንጭ ዙሪያ ያለውን ጥጥ ማየት ይበቃል።

እንደሚታወቀው ጥጥ ጠላቱ ብዙ ነው። ጓይ ትል ሲነሳ ገበሬው የሚያውቀው መላ ደጋግሞ መድኃኒት መርጨት ነው። መድኃኒቱ ገንዘብ ይጠይቃል፣ የሚረጨውን ሰው ይጎዳል፣ ንብ ይፈጃል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ታጥቦ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ ሊገባ ይችላል። የአባያንና የጫሞን ዓሣ ለምንበላ ሰዎች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ለአካባቢው አነስተኛ ጥጥ አምራቾች ሌላ ዘዴ ሲያስተምር ቆይቷል። ማሳው ላይ መርዝ ሳይሆን ተባይ በል ነፍሳትን የሚስብ ምግብ ይረጫል። ነፍሳቱ ይመጡና ትሉን ይለቅሙታል። ከገበሬዎቹም የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት እስከማግኘት የደረሱ አሉ። ለሥራው ድጋፍ ከሰጡት አንዱ ትሬድ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ እሱም ገቢ የሚያገኘው ያገለገሉ ልብሶችን በሱቆቹ እየሸጠ ነው። ታዲያ አሮጌ ልብስ የሚሸጥ ይህን ከቻለ፣ አዲስ ልብስ በሚሊዮን የሚሸጠውን ምን ያግደዋል?

ለመሆኑ ቸርቻሪው ምን ያገኛል? አንደኛ፣ ስሙን ይጠብቃል። በ2014 እ.ኤ.አ. ኤች ኤንድ ኤም ከኦሞ ሸለቆ ጥጥና ከመሬት ንጥቂያ ጋር በተያያዘ በስዊድን ቴሌቪዥን ጥያቄ ተነስቶበት ነበር። ጥጡ ከማን ማሳ እንደመጣ የሚያውቅ ነጋዴ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ አያጣም። ሁለተኛ፣ አቅርቦቱ አይቋረጥም፤ ለመድኃኒት የሚያወጣው የቀነሰለት ገበሬ ጥጥ መዝራቱን አይተውም። ሦስተኛ፣ ደንበኛ ያፈራል። ፓታጎንያ በ1996 እ.ኤ.አ. የጥጥ ልብሶቹን በሙሉ ወደ ኦርጋኒክ ጥጥ አዙሮ ዛሬም ገበያ ላይ አለ።

«የሐዋሳውስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። ይሁን እንጂ ዋናው ባለሀብት ፒ.ቪ.ኤች በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ምክንያት ማምረቻውን ዘጋ፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ አገራችን ከአጎአ ታገደች። አካባቢ ጥበቃ የሁሉም በሽታ መድኃኒት አይደለም ማለት ነው። ግን ጦርነት ላመጣው ጣጣ ማጣሪያውን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም።

ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያለ መርዝ የበቀለ ጥጥ መዳመጫ ላይ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ በእኩል ዋጋ ከተሸጠ የገበሬው ድካም ምን ዋጋ አለው? ዞሮ ዞሮ ወደ መርጫው መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ ቸርቻሪው ከዘር ወቅት በፊት የበርካታ ዓመት ውል ይፈርም፤ የምስክር ወረቀቱን ወጪ ይጋራ፤ ጥጡም ተለይቶ እንዲዳመጥ ያድርግ። ያኔ ልብሱ ላይ የሚለጥፈው ጽሑፍ እውነት ይሆናል።

እኛስ? የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲጠፋን በሌላ አገር ኩባንያ ላይ ከምንጽፍ፣ እዚሁ ወርደን የሁለቱን ዓይነት ጥጥ ወጪና የመሸጫ ዋጋ ብናነጻጽር ይሻላል። ገዢን የሚያሳምነው የተጣራ ሂሳብ ነው፤ ሂሳብ ደግሞ የእኛ ሙያ ነው።